አዲስ ሕንፃ መንገዱ ላይ የሚያሳድረውን ጫና ማስላት፦ ለጎጃም ከተሞች የአሠራር መመሪያ

አንድ አልሚ ጂ+5 የንግድ ሕንፃ፣ ሆቴል ወይም መናኸሪያ ሊሠራ ሲነሣ የመጀመሪያው ጥያቄ «መንገዱ ይችላል ወይ?» ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም መልሱ የሚፈለገው ያለ ቦታው ነው። በደብረ ማርቆስም ሆነ በባሕር ዳር፣ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በሞጣ መንገድ የሚዘጋው ብዙ ጊዜ አስፋልቱ ስለጠበበ አይደለም። የሚዘጋው በሩ ፊት ያለው ሃምሳ ሜትር ነው። ባጃጅ እዚያው ሰው ይጭናል፣ ያወርዳል፤ የቤት መኪና ጥበቃው ፈትሾ እስኪያስገባው ይቆማል፤ እግረኛው ደግሞ መሄጃው ላይ አሸዋ ተደፍቶበት አስፋልት ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ስሌቱን ከበሩ ጀምራችሁ ወደ መስቀለኛው መንገድ ሂዱ እንጂ ከመስቀለኛው ጀምራችሁ ወደ በሩ አትምጡ።

1. ጥናቱ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም

በሌላው ዓለም የተለመደው መነሻ ሕንፃው ትራፊክ በሚበዛበት አንድ ሰዓት ውስጥ ገቢና ወጪ ተደምሮ 100 ተሽከርካሪ የሚጨምር ከሆነ ሙሉ ጥናት ይሠራለት የሚል ነው። በእኛ ከተሞች ባጃጁን ሳትቆጥሩ ይህን መለኪያ ብትጠቀሙ ሕንፃው ሁሉ «አያስፈልገውም» ይሆናል። ባጃጁን ጨምራችሁ አስሉት።

ቁጥሩ ከዚያ በታች ቢሆንም ቢያንስ የበሩን ስሌት (ክፍል 6) መተው የማይቻልባቸው ቦታዎች አሉ። በሩ ከመስቀለኛ መንገድ ወይም ከአደባባይ 50 ሜትር ባልሞላ ርቀት ላይ ከሆነ፣ አጠገቡ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ ነዳጅ ማደያ ወይም የገበያ ቦታ ካለ፣ ወይም ሕንፃው የሰርግ አዳራሽ ካለው አስሉት። ፕሮጀክቱ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የሚመለከተው ከሆነ የትራፊኩን ጥናት ከዚያ ሰነድ ጋር አያይዙት። ለየብቻ ሲዘጋጁ ቁጥሮቻቸው እርስ በርስ ይጋጫሉ።

ሌላው ቀድሞ የሚጣራ ጉዳይ የመንገዱ ባለቤት ነው። ከደጀን በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባው ዋና መንገድ ከተሞቹን መሀል ለመሀል ያቋርጣል። በከተማው ውስጥ ቢያልፍም የፌዴራል መንገድ ስለሆነ፣ በዚህ መንገድ ላይ መግቢያ ለመክፈት ወይም የመሀል ማካፈያውን ለመንካት የማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ ብቻ ላይበቃ ይችላል። ይህን በሥራው መጨረሻ የሚያስታውስ ሰው ፕላኑን እንደገና ያሠራል።

2. የጥናቱን ክልል መወሰን

በሩን፣ ከበሩ ግራና ቀኝ ያሉትን የመጀመሪያ መጋጠሚያዎችና የፕሮጀክቱ ትራፊክ አሁን ባለው ፍሰት ላይ ከ5 በመቶ በላይ የሚጨምርበትን መጋጠሚያ ሁሉ አስገቡ። መንገዱ መሀል ማካፈያ ካለው ክልሉ ይሰፋል። ባሕር ዳር ላይ ዘንባባ በተተከለባቸው ሰፋፊ መንገዶች ከግቢ ወጥቶ ወደ ግራ መታጠፍ የፈለገ መኪና መጀመሪያ ወደ ቀኝ ይወጣና ቀጣዩ ክፍት ቦታ ወይም አደባባይ ድረስ ሄዶ ይዞራል። ስለዚህ ጫናው የሚያርፈው በሩ ላይ ሳይሆን መዞሪያው ላይ ነው። ብዙ ጥናት ደግሞ መዞሪያውን ሳይቆጥር ያልፈዋል።

3. ቆጠራ

ሥራው ሁሉ በዚህ ላይ ይቆማል፤ ጊዜና ገንዘብ ካላችሁ እዚህ ላይ አውሉት።

መቼ ይቆጠር? ሁለት መደበኛ የሥራ ቀንና አንድ የገበያ ቀን ምረጡ። የገበያው ቀን ከከተማ ከተማ ስለሚለያይ ከነዋሪው ጠይቁ። ሰዓቱ ከጠዋቱ 1:00 እስከ 3:00፣ ከቀኑ 6:00 እስከ 8:00 እና ከቀኑ 10:00 እስከ ምሽቱ 1:00 ይሁን። የቀትሩን አትተዉት፤ የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ሲወጣና የከሰዓቱ ሲገባ መንገዱ ከጠዋቱ የሚብስበት ቦታ አለ።

መቼ አይቆጠርም? ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ገበሬውም እርሻ ላይ ነው። የጥምቀትና የፋሲካ ሳምንት ሌላ ከተማ ያስመስላል። እንጅባራ ላይ የምትሠሩ ከሆነ የአገው ፈረሰኞች በዓል የሚከበርበትን ጥር 23ን አካባቢ ዝለሉ። ቦታው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ከሆነ ወርኃዊ በዓሉ የሚውልበትን ቀን፣ ለምሳሌ 12 ወይም 21፣ ለይታችሁ አንድ ጊዜ ለብቻው ቁጠሩት፤ ከመደበኛው ቀን ጋር ግን አታደባልቁት። ነዳጅ በጠፋበት ወይም የእንቅስቃሴ ገደብ በተጣለበት ሳምንት የተቆጠረ ቁጥር የመንገዱን ሳይሆን የገደቡን ልክ ያሳያል። በሌላ በኩል እህል የሚጫንባቸውን ወራት፣ ከኅዳር እስከ ጥር ያለውን ጊዜ አትሽሹ። ቡሬን በመሰለ ከተማ፣ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩና የነቀምት መገንጠያ ባሉበት፣ የከባድ መኪናው ፍሰት የሚታየው ያኔ ነው።

የድሮ ቆጠራ ስታገኙ ቀኑን አይታችሁ ነው የምትቀበሉት። ባሕር ዳር ላይ 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ በ2016 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ ከዚያ በፊት ወንዙን በሚሻገሩ መንገዶች ላይ የተቆጠረ ቁጥር ዛሬ አይሠራም።

ባለ አራት አቅጣጫ መስቀለኛ መንገድ አራት ቆጣሪና አንድ ተቆጣጣሪ ይፈልጋል፤ ለእያንዳንዱ መግቢያ አንድ ሰው ማለት ነው። ወረቀቱ በየ15 ደቂቃው ይከፈል፤ ቀጥታ፣ ቀኝና ግራ ለየብቻ ይያዝ። የሚለዩት ዓይነቶች ባጃጅ፣ ሞተር፣ ሳይክል፣ የቤት መኪና፣ ሚኒባስ፣ አይሱዙ፣ አውቶቡስ፣ ሲኖትራክና ተሳቢ፣ ጋሪና እግረኛ ናቸው። «ሌላ» የሚል አምድ አታስገቡ። ካስገባችሁ የደከመ ቆጣሪ ግማሹን እዚያ ይከተዋል። ሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ የተደገፈ ስልክ የሚቀርጸው ቪዲዮ ለማመሳከር ይረዳል። ቆጣሪዎቹ መንገድ ዳር ቆመው ሲጽፉ ወይም ሲቀርጹ እንዳይጠረጠሩ ግን የማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ በእጃቸው ይኑር፣ የአካባቢው ትራፊክ ፖሊስም አስቀድሞ ይወቅ።

ከበዛው ሰዓት ውስጥ ደግሞ የበዛውን ሩብ ሰዓት ለዩ። አራቱ ሩብ ሰዓቶች 180፣ 210፣ 260 እና 190 ተሽከርካሪ ቢያሳዩ ድምሩ 840 ነው። መጨናነቁ የሚፈጠረው ግን 260 ባለፈበት ሩብ ሰዓት ስለሆነ መንገዱን የምትመዝኑት በ260 × 4 = 1,040 ነው። 840ን ለ1,040 ስታካፍሉ 0.81 ታገኛላችሁ። ይህ ቁጥር ወደ 1 በቀረበ ቁጥር ፍሰቱ እኩል የተሰራጨ ነው፤ ከ0.75 ካነሰ ደግሞ አንድ ነገር በአንድ ጊዜ ሰው እየለቀቀ ነውና ምን እንደሆነ ፈልጉ። ብዙውን ጊዜ ትምህርት ቤት ሆኖ ይገኛል።

4. ሁሉንም ወደ አንድ መለኪያ ማምጣት

ጋሪና ሲኖትራክ እኩል አንድ ተብለው አይደመሩም። የቤት መኪናን 1 አድርጋችሁ ሌላውን በሱ መዝኑት። ለመነሻ ባጃጅ 0.8፣ ሞተር 0.4፣ ሳይክል 0.2፣ ሚኒባስ 1.2፣ አይሱዙ 1.5፣ አውቶቡስና ከባድ መኪና ከ2 እስከ 2.5፣ ጋሪ 4 ብትይዙ ያስኬዳል። ጋሪው ስፋቱ ትንሽ ነው፤ 4 የተባለው ከኋላው ያለውን ሁሉ በፈረሱ እርምጃ ስለሚያስኬድ ነው።

እነዚህን ቁጥሮች በቦታው መፈተን ይቻላል። ሰልፍ ይዘው ቆመው የነበሩ ተሽከርካሪዎች መስመር ሲለቀቅላቸው አንዱ ካለፈ በኋላ ቀጣዩ ለማለፍ ስንት ሰከንድ እንደሚወስድበት በስልክ ለኩ። የቤት መኪናው 2 ሰከንድ፣ ባጃጁ 1.6 ሰከንድ ከወሰደ የባጃጁ ክብደት 0.8 ነው። ሠላሳ ያህል ልኬት ይበቃል። ዳገት ላይ ግን ቁጥሩ ይለወጣል፤ የተጫነ አይሱዙ በደብረ ማርቆስ ዳገት 1.5 ሆኖ አይቆይም።

5. ሕንፃው የሚያመጣውን ሰው መገመት

እዚህ ላይ ከባዱ ስህተት የውጭ መጽሐፍ ላይ ያለውን የጉዞ መጠን ቀድቶ ማስገባት ነው። እነዚያ ቁጥሮች የተሰበሰቡት ሁሉም በራሱ መኪና ከሚሄድበት አገር ስለሆነ የመኪናውን ቁጥር አብዝተው እግረኛውንና ባጃጁን ያጠፉታል። ይልቅ በዚያው ከተማ ወይም በአቻ ከተማ አገልግሎቱ የሚመሳሰል ሕንፃ ፈልጋችሁ በሩ ላይ ቆማችሁ ሰው ቁጠሩ። መኪና አትቁጠሩ፤ በምን እንደመጣ ግን መዝግቡ።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ፤ ቁጥሮቹ አሠራሩን ለማሳየት ብቻ የቀረቡ ናቸው። 1,000 ካሬ ሜትር የሚከራይ ቦታ ያለው ነባር ሕንፃ በበዛው ሰዓት 140 ገቢ፣ 160 ወጪ፣ በድምሩ 300 ሰው ቢያስተናግድ በ100 ካሬ 30 ሰው ይመጣል። አዲሱ ሕንፃ 2,400 ካሬ ቢሆን 720 ሰው ይሆናል። በመጡበት ዘዴ ሲከፈል፦

በእግር 55 በመቶ፣ 396 ሰው፤
በባጃጅ 25 በመቶ፣ 180 ሰው፤
በሚኒባስ 8 በመቶ፣ 58 ሰው፤
በቤት መኪና 8 በመቶ፣ 58 ሰው፤
በሳይክልና በሞተር 4 በመቶ፣ 29 ሰው።

የቤት መኪናው በአማካይ 1.6 ሰው ቢይዝ 36 መኪና ነው። ባጃጁ ሁለት ሁለት ሰው ቢይዝ 90 ነው፤ ነገር ግን የቤት መኪናው ገብቶ ሲቆም ባጃጁ መጥቶ ይሄዳል። ያወረደው ባጃጅ እዚያው ካልጫነ በስተቀር 90 ባጃጅ መንገዱ ላይ 180 እንቅስቃሴ ነው። ይህን እጥፍ የሚረሳ ጥናት ብዙ ነው። ባሕር ዳር ላይ ደግሞ የሳይክሉ ድርሻ ከፍ ማለቱ ስለማይቀር የሳይክል ማቆሚያውን ከወዲሁ ፕላኑ ላይ አስቀምጡት።

በእግር ከሚመጣው 396 ሰው ግማሹ ከመንገዱ ማዶ ቢመጣ በሰዓት 200 ያህል ሰው ይሻገራል፤ በየ18 ሰከንዱ አንድ ሰው ማለት ነው። 14 ሜትር ስፋት ያለውን መንገድ በሴኮንድ 1.2 ሜትር የሚራመድ ሰው በ12 ሰከንድ ገደማ ያቋርጠዋል፤ ሸክም የያዘ ወይም ያረጀ ሰው 17 ሰከንድ ሊፈጅበት ይችላል። ዜብራ ካልተቀባ ሰው በየቦታው ይሻገራል፣ ሹፌሩም በየቦታው ይቆማል።

6. በሩ

ሁለት ስሌት አለ፦ የባጃጁ ማቆሚያና የመኪናው ሰልፍ።

*ባጃጅ።* ከ90ው ባጃጅ 70ው አውርዶ በ40 ሰከንድ ቢሄድና 20ው ተሳፋሪ ጥበቃ 5 ደቂቃ ቢቆም፣ 70 × 40 + 20 × 300 = 8,800 ሰከንድ ይሆናል። በ3,600 ሲካፈል በማንኛውም ቅጽበት በአማካይ 2.4 ባጃጅ በሩ ፊት ቆሟል። ባጃጆች በአንድ ጊዜ የሚመጡበት ቅጽበት ስላለ ከመቶው ዘጠና አምስቱን ጊዜ የሚበቃው 5 ቦታ ነው፤ ለአንዱ 3.5 ሜትር ቢሰጥ 18 ሜትር ይሆናል። ሲሶ እንኳ የማይሞሉት ቆሞ ጠባቂ ባጃጆች ከቦታው 68 በመቶ እንደያዙ ልብ በሉ። ተራ አስከባሪ ተመድቦ የሚጠብቁት ሌላ ቦታ ቢሰለፉና እየተጠሩ ቢመጡ በሩ ፊት ከ3 ቦታ በላይ አያስፈልግም። ከማንኛውም የመንገድ ማስፋፊያ የሚረክሰው መፍትሔ ይህ ነው፤ ግን ከባጃጅ ማኅበሩ ጋር ሳይነጋገሩ ፕላን ላይ መሳል ዋጋ የለውም።

*መኪና።* ጥበቃው አንዱን መኪና ፈትሾ ለማስገባት 20 ሰከንድ ቢፈጅበት በሩ በሰዓት 180 መኪና ያስተናግዳል። የሚመጣውን ለዚህ አካፍሉ፤ ውጤቱን «ጫና» እንበለው። የሚጠብቀው መኪና አማካይ ቁጥር ጫና × ጫና ÷ (1 − ጫና) ነው። 120 መኪና ቢመጣ ጫናው 0.67፣ ሰልፉ በአማካይ 1.3 መኪና ነው። 160 ቢመጣ ጫናው 0.89፣ ሰልፉ 7 መኪና ይሆናል። የመጣው በሲሶ ጨመረ፣ ሰልፉ ግን ከአምስት እጥፍ በላይ ሆነ። አማካይ ደግሞ ያታልላል፤ ከመቶ አምስት ጊዜ በመጀመሪያው ሁኔታ 7፣ በሁለተኛው 25 መኪና ሊደርስ ይችላል። 25 መኪና በ6 ሜትር 150 ሜትር ነው፤ ቀጣዩ አደባባይ ድረስ ማለት ነው።

160 በሰዓት ከየት ይመጣል ብላችሁ ከጠየቃችሁ ከሰርግ ነው። 600 እንግዳ ተጠርቶ 40 በመቶው በመኪና ሦስት ሦስት ሆኖ ቢመጣ 80 መኪና ነው፤ ሁሉም በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከደረሰ የሰዓቱ መጠን 160 ይሆናል። ሰርጉ በጥር ወይም ከፋሲካ በኋላ፣ ያውም እሑድ ስለሚሆን የሥራ ቀኑ ቆጠራ አያሳየውም። አዳራሽ ያለው ሕንፃ የእሑድ ስሌት ለብቻው ይሠራለት።

መፍትሔው ቀላል ነው። የመኪናው ፍተሻ ከመንገዱ ጠርዝ ቢያንስ 12 ሜትር ወደ ውስጥ ይግባ፤ ለመግቢያ ሁለት መስመር ይኑር፤ የብረት በሩ ወደ ውስጥ ይከፈት። ሁለት ጥበቃ በሁለት መስመር 160ውን ቢካፈሉ የእያንዳንዱ ጫና 0.44 ይሆንና ሰልፉ ይጠፋል ማለት ይቻላል።

ከበሩ የሚወጣ ሹፌር የሚያየውን ርቀትም ለኩ። ከመንገዱ ጠርዝ 3 ሜትር ወደ ኋላ ሆናችሁ ዓይናችሁን 1.1 ሜትር ከፍታ ላይ አድርጉና ግራና ቀኝ ተመልከቱ። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚመጣ መኪና ደረቅ ደልዳላ መንገድ ላይ አይቶ ለመቆም 65 ሜትር ገደማ፣ በ30 የሚመጣው 31 ሜትር ያህል ይፈልጋል። አጥር፣ ኮንቴይነር ሱቅ ወይም ማስታወቂያ ከጋረደው በሩ ይዛወር ወይም የጋረደው ነገር ይነሣ።

7. መጋጠሚያዎቹን መመዘን

መጀመሪያ ያለውን መዘግየት በዓይን ለኩ። በበዛው 15 ደቂቃ በየ15 ሰከንዱ አንድ መግቢያ ላይ የቆመውን ተሽከርካሪ ቁጠሩና 60ውን ቁጥር ደምሩ። ድምሩ 240፣ በዚያ ጊዜ የገባው ተሽከርካሪ 120 ቢሆን፣ 240 × 15 × 0.9 ÷ 120 = 27 ሰከንድ አማካይ መዘግየት ነው፤ 0.9 እንዲህ ያለው ቆጠራ መዘግየቱን ትንሽ አብዝቶ ስለሚያሳይ የሚገባ ማስተካከያ ነው። መዘግየቱ ከ«ኤ» (ምርጡ) እስከ «ኤፍ» (የከፋው) በሚሄዱ ደረጃዎች ይመዘናል። መብራት በሌለው መጋጠሚያ ከ25 እስከ 35 ሰከንድ «ዲ» የሚባለው ደረጃ ነው፤ ከ50 ካለፈ የመጨረሻው «ኤፍ» ነው። መብራት ላይ ሰው መጠበቅን ስለሚለምድ «ኤፍ» የሚጀምረው ከ80 ሰከንድ በኋላ ነው።

ከዚያ ሦስት ስሌት ሥሩ፦ ዛሬ ያለው፣ ሕንፃው በሚከፈትበት ዓመት ያለ ሕንፃው፣ በዚያው ዓመት ከነሕንፃው። መሀለኛው ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ሲዘለል የከተማው ዕድገት ያመጣው ጫና ሁሉ በአልሚው ይላከካል፣ ወይም በተቃራኒው አልሚው ያመጣው በከተማው ዕድገት ውስጥ ይሸሸጋል። ዕድገቱ በዓመት 5 በመቶ ቢሆን ከ5 ዓመት በኋላ በክፍል 3 ያገኘነው 1,040 ወደ 1,327 ይደርሳል፤ 10 በመቶ ቢሆን 1,675። አንድ የዕድገት መጠን ብቻ መርጦ ማቅረብ ክርክር ይጋብዛልና ሁለቱንም አሳዩ። በአካባቢው ፈቃድ ያገኙ ግን ገና ያልተከፈቱ ሕንፃዎችንም ከማዘጋጃ ቤቱ ጠይቃችሁ ጨምሩ።

የሚመጣው ፍሰት መጋጠሚያው ከሚያስተናግደው 85 በመቶ ካለፈ ትንሽ ጭማሪ ትልቅ ሰልፍ ያስከትላል፤ ምክንያቱ በበሩ ስሌት የታየው ነው። የሚያስተናግደውን መጠን ከመጽሐፍ ከመውሰድ ሰልፍ ባለበት ሰዓት በደቂቃ ስንት እንደሚያልፍ መቁጠር ይሻላል። መጽሐፉ ጥግ ላይ የቆመውን የጫማ አሳማሪ፣ የጀበና ቡናና የባጃጅ ተራ አያውቅም።

8. የግንባታው ወቅት

ይህ ክፍል በአንድ አንቀጽ ታልፎ ኋላ ብዙ ቅሬታ የሚያመጣ ነው። 20 በ30 ሜትር ስፋት፣ 3 ሜትር ጥልቀት ያለው ቁፋሮ 1,800 ሜትር ኪዩብ ነው፤ አፈሩ ሲቆፈር በ25 በመቶ ቢነፋ 2,250 ይሆናል። 16 ሜትር ኪዩብ በሚጭን ሲኖትራክ 141 ጭነት፣ በሂያጅና ተመላሽ 282 ጉዞ ነው። በ10 ቀን ከተሠራ በቀን 14 ጭነት። ተማሪ በሚገባበትና በሚወጣበት ሰዓት እንዳይጫን በውሉ ላይ ይጻፍ። በክረምት የጎጃም ጭቃ ከጎማ ወደ አስፋልት ይወጣና ባጃጁን ያንሸራትታል፤ መውጫው ላይ ጠጠር ይደልደልና ጎማ የሚታጠብበት ውኃ ይዘጋጅ። አሸዋና ድንጋይ እግረኛ መንገድ ላይ አይደፋ፤ ግድ ከሆነ በቆርቆሮ የተከለለ 1.5 ሜትር የሰው ማለፊያ አስቀድሞ ይሠራ።

9. ሪፖርቱ

ለሕንፃ ሹሙና ለከተማው መንገድ ባለሙያ የሚጠቅመው 80 ገጽ ሳይሆን አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ነው፦ በእያንዳንዱ መጋጠሚያና በበሩ ላይ ሦስቱ ስሌቶች፣ የሚወሰደው እርምጃ፣ የሚሠራው አካል፣ የሚከፍለው አካልና የሚጠናቀቅበት ቀን። የቆጠራ ወረቀቶቹ ዋናው ቅጂ ከኋላ ይያያዝ። «ከሚመለከታቸው አካላት ጋር በመተባበር» የሚል እርምጃ ማንም የማይሠራው እርምጃ ነውና ባለቤቱ በስም ይጻፍ። በበሩ ላይ የሚደረጉት ማስተካከያዎች ሁሉ፣ ማለትም ፍተሻውን ወደ ውስጥ ማስገባት፣ የባጃጅ ማቆሚያውና ዜብራው፣ የመጠቀሚያ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ያለቁ ይሁኑ። ሕንፃው በተከፈተ በስድስተኛው ወር ደግሞ በሩ ላይ ያው ሰው ያው ወረቀት ይዞ አንድ ቀን ይቁጠር፤ የተገኘው በ100 ካሬ የሚመጣ ሰው ቁጥር ለቀጣዩ ሕንፃ መነሻ ሆኖ በማዘጋጃ ቤቱ ፋይል ይቀመጥ።